ጠጉሯን የጣለች በግ ሁሉ እከካም አይደለችም



ሰሞኑን በየአጥሩ እሾህ ላይ የበግ ጠጉር ተንጠልጥሎ የምናይበት ጊዜ ነው። ታዲያ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አጋጠመን። አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ያሳደገቻትን እናት በግ «እከክ ይዟታል፣ ሳትሞትብኝ ልሽጣት» ብላ ገበያ አወጣችና ባገኘችው ዋጋ ሰጠቻት። የገዛት ሰው በሳምንቱ ሲያገኘን «ኧረ ምንም የላትም! ከሥር አዲስ ጠጉር አብቅላለች» አለን። በዚህ የተነሣ አስተያየታችንን በሰሌዳችን ላይ ለማቅረብ ወደድን። የምንለውም አጭር ነው፤ በግ ጠጉሯን ስትጥል ከመሸጥም ከማረድም በፊት ጠጉሯን ገልጦ ማየት ይገባል።

እንደሚታወቀው የሰቆጣ በግ በአገራችን የበግ ዝርያዎች መካከል በስሙ የተመዘገበ ነው። መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ወይም ነጭ ሲሆን፣ ከላይ ሻካራ ጠጉር፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ ሱፍ አለው። ይህ የሥር ሱፍ የደጋውን ብርድ የሚመክትበት ልብሱ ነው። አሮጌው ሱፍ ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ጭብጥ ጭብጥ እያለ ይነቀላል። ላየው ሰው በጉ የተበጣጠሰ ጋቢ የለበሰ ይመስላል። ይህ ግን በራሱ በሽታ አይደለም።

ታዲያ በምን ይለያል? በአንገቷ፣ በጀርባዋና በጎኗ ላይ ጠጉሩን በሁለት እጅ ከፈት አድርጎ ማየት ነው። ቆዳው ንጹሕ ከሆነ፣ አጭር አዲስ ጠጉር ብቅ ካለ፣ በጓም በደንብ ከበላችና ካመሰኳች ልብሷን እየለወጠች ነው፤ ተዉአት። ከግድግዳ የምትታከክ፣ ጎኗን በጥርሷ የምትነክስ፣ ቆዳዋ የተቀረፈ ወይም የወፈረ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሦስተኛም አለ። የጀርባ አጥንቷ በእጅ የሚቆጠር ሆኖ ጠጉሯ ሳብ ሲያደርጉት ዝም ብሎ የሚመጣ ከሆነ፣ ምግብ አንሷታል ወይም የሆድ ትል አለባት ማለት ሊሆን ይችላል።

በተለይ በጠጉሩ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ቡናማ ተባይ ልብ በሉ። መዥገር ይመስላል እንጂ መዥገር አይደለም፤ ክንፍ የሌለው የዝንብ ዘር ነው። እግሩን ብትቆጥሩት ስድስት ነው፤ ያደገ መዥገር ግን ስምንት አለው። ዕድሜውን ሙሉ በበጉ ላይ ሆኖ ደም ይመጥጣል። ልጁንም በቅርፊት ሸፍኖ ከጠጉሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ያም በሦስት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። በመሆኑም መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ረጭቶ «ተገላገልኩ» ማለት አይቻልም፤ የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀን መድገም ያስፈልጋል። ጠጉሩን መሸለትም ብዙውን ተባይ አብሮ ያወርደዋል።

ይህ ተባይና ቅማሉ ቆዳውንም ያበላሹታል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በውጭ አገር ሁሉ የሚፈለግ ነው። ተባይ የቆየበት ሌጦ ግን ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ ሲወርድ ቡግር ቡግር ብሎ ይገኛል፤ ዋጋውም ይወድቃል። የቆዳ ነጋዴዎች ይህንኑ ጉዳት «እከክ» ይሉታል።

የለቀቀውን ሱፍስ ለምን ለእሾህ እንተዋለን? እናቶቻችን በእንዝርት ፈትለው፣ ሸማኔው ባናና ዝተት የሚሠራው ከዚሁ ሱፍ ነው። በሌላ አገር ጠጉረ ረጅም የሆነ የአንጎራ ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎች ጠጉሯ በሚለቅበት ወቅት በየጊዜው ያበጥሯታል። ጥንቸል ራሷን ስትልስ ጠጉሩን ትውጣለች፣ ማስመለስም አትችልም፤ ስለዚህ በሆዷ ተጠራቅሞ ሊገድላት ይችላል። በእኛም ግልገሎች ዘንድ ተመሳሳይ ጉዳት አለ። ምግብ ወይም ማዕድን ያጠረው ግልገል የእናቱን ጠጉር ይግጣል፤ በሆዱም እንደ ኳስ ይጠቀለልበታል። ስለዚህ የለቀቀውን በእጅ ነቅሎ መሰብሰብ፣ ለእናቲቱም ለግልገሉም የጨው አሞሌ ማስላስ ይጠቅማል። መሸለት የሚፈልግ ደግሞ በክረምት ዝናብና በኅዳር በታኅሣሥ ቁር አይሽለት። ከሸለተም ጥቂት ሌሊት ቤት ያሳድራት።

«ለሰው ያልተረፈ ገንዘብ ለበግ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መድኃኒት ዋጋ አለው። ማየት ግን በነፃ ነው። ደግሞም እንወቀው፤ ተባዩ በጎች ሲተሻሹ ይተላለፋል፤ የእኔ በግ ታክማ የጎረቤቴ ካልታከመች ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ለሰፈሩ በጎች በሙሉ አንድ የሕክምና ቀን፣ ከዚያም የድጋሚውን ቀን እንዲቆርጥ እንጠይቃለን። አዲስ የተገዛ በግ ሳይመረመር ከነባሮቹ አይቀላቀል። የሰብል ወይም የቤት ተባይ መድኃኒት በበግ ላይ መድፋት ይቅር፤ በጉንም ሰውንም ይመርዛል። የታከመም በግ ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳያልፍ አይታረድ። ከእከክ ዓይነቶች ወደ ሰው የሚተላለፍ ስላለ፣ ልጆች የታመመ ግልገል እንዳያቅፉ እንምከራቸው።

በመካከላችን የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ያዩ ሽማግሌዎች አሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በረታቸው የተራቆተ፣ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ የተረፈቻቸውን ያጡ ወገኖችም አሉ። ለእንዲህ ያለ ቤት አንዲት እናት በግ የልጆች ደብተር ናት፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ናት። በጥርጣሬ ብቻ በርካሽ አንስጣት። ነገ ጠዋት ከበረት ከመውጣቷ በፊት ጠጉሯን ገለጥ አድርገን እንያት እያልን እናሳስባለን።