ውሃ ሲበዛ ዘር ይታፈናል

ዘር ዘርቶ ቡቃያውን የማይናፍቅ ሰው የለም። በተለይም በቤት ውስጥ፣ በመስኮት አጠገብ፣ በጣሳ ወይም በሣጥን የተዘራ ዘር ዘወትር ከዐይን ሥር ስለሚሆን፣ ያየው ሁሉ ጥቂት ውሃ ሳይጨምርበት አያልፍም። አሳቡ መልካም ነው፤ ፍጻሜው ግን ብዙ ጊዜ መልካም አይሆንም። በእኔ አስተያየት፣ በክፍሎቻችን መስኮት ላይ ከምንዘራው ዘር ሳይበቅል የሚቀረው ውሃ የጠማው ሳይሆን ውሃ የበዛበት ነው።

ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት ያስፈልገዋል ብለን በባዮሎጂ ፈተና ላይ ሁላችንም እንጽፋለን። ወደ ሣጥኑ ስንሄድ ግን ውሃውን ብቻ አስታውሰን አየሩን እንረሳዋለን። ደረቅ ዘር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ በውስጡ ያለው ሽልም ይነቃል። ከዚያ ጀምሮ ዘሩ በኀይል ይተነፍሳል። የሚተነፍሰውም በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የሚገኘውን አየር ነው። ያ ክፍት ቦታ በውሃ ከተሞላ ዘሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ ሻጋታም ይበረታበታል። በሌላ በኩል፣ አንድ ጊዜ የነቃ ዘር መልሶ ቢደርቅ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ርጥበት እንጂ ጭቃ አይደለም።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንደምትገኘው እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ቅዝቃዜ ዘሩን ያዘገየዋል፤ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። ቲማቲም ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ከ5 እስከ 10 ባሉት ቀናት ይበቅላል፤ ቃሪያ ግን 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ዘሩ የዘገየው ውሃ አንሶት ይመስለውና ይጨምርበታል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። አስቀድሞ የጣሳውን ሥር በሚስማር መብሳት፣ አፈሩን አርጥቦ መዝራት፣ ርጥበቱ እንዳይጠፋም በስስ ፕላስቲክ መሸፈን ነው። ከዚያም በየቀኑ የአፈሩን ፊት በጣት መፈተን ይገባል። ርጥብ ከሆነ መተው፤ መድረቅ ከጀመረ ግን ጣሳውን ውሃ በያዘ ሳሕን ላይ አስቀምጦ ፊቱ እስኪርስ ድረስ ከሥር እንዲጠጣ ማድረግና አንሥቶ ማንጠፍጠፍ ነው። በጆግ ከላይ ማፍሰስ ጥቃቅኑን ዘር አጥቦ ይወስደዋል። ቡቃያው ብቅ ሲል ፕላስቲኩ ይነሣ።

ከሁሉ በላይ የማቀርበው አሳብ ግን ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ጠባቂ ይመደብ፤ ያጠጣበትንም ቀን በደብተር ይመዝግብ። «ጠባቂው ቢረሳስ?» የሚሉ ይኖራሉ። ደብተሩ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፤ የረሳው ቀን ወዲያው ይታያል። ሠላሳ ተማሪ በየተራው ሲያጠጣ ግን ማን እንዳበዛው የሚያውቅ የለም።

ዘሩ የሚገዛው ከኪሳችን በምናዋጣው ገንዘብ ነው። ቲማቲምም ፍሬ ለመስጠት ወራት ስለሚፈልግ፣ ዘሩ በስብሶ እንደገና ስንዘራ ትምህርት ቤቱ ፍሬውን ሳናይ ይዘጋብናል። ውድ ጓደኞቼ፣ ሲበዛ ማርም ይመራል። የምንወደውን ዘር በጣታችን ፈትነን እናጠጣው፤ ርጥብ ሆኖ ባገኘነው ቀን ደግሞ እጃችንን እንሰብስብ።