ድራይቨሩ ኢንተርኔት ላይ ነው

የአሜሪካው ኤኦኤል ከሠላሳ ዓመት በላይ ያቆየውን የዳያል አፕ አገልግሎት መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘጋ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። የመጀመሪያው ዜና እዚህ ሲሰማ «እስካሁን ነበር እንዴ?» አሰኝቶ አለፈ። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ላፕቶፑን ተሸክሞ ጥገና ቤት እንዲሄድ እያደረገ ነው። እኔን ሁለቱም ያስታወሱኝ አንድ የቆየ ጣጣ ነው፤ ኮምፒውተር በታደሰ ማግስት ኢንተርኔት የሚጠፋበትን።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበና ወይም ኮተቤ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የነበረው ሰው አይረሳውም። ኢንተርኔት በሀገራችን ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን መንገዱ የቤት ስልክ ሽቦ ነበር። ከእነዚህ ሰፈሮች የተነሳው ጥያቄ በመዳብ ሽቦ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ከዚያ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ወዳለው የሳተላይት ጣቢያ፣ ከጣቢያው ደግሞ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ። ተራራው ሥር የተቀመጠ ሰው ተራራው ጀርባ ያለው አንቴና ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ቁልቁል መውረድ ነበረበት። ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ለሰማዩ መንገድ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ይጠፋል። ስልኩም ይቆጥራል።

ታዲያ በዚህ መሐል ዊንዶውስ ኤክስፒ መጣ፤ ጥቅምት 1994 ዓ.ም. ዊንዶውስ 98 የሰለቸው ሁሉ ሲዲውን ከሰው ተውሶ ጫነ። መልኩ አማረ፣ ቀለሙ ደመቀ፣ ኮምፒውተሩን ከስልኩ መስመር የሚያገናኘው ሞደም ግን ድምፁ ጠፋ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። በርካሽ የሚሸጡት የውስጥ ሞደሞች ግማሽ ሞደም ነበሩ ማለት ይቻላል። ድምፅን ወደ ዳታ፣ ዳታን ወደ ድምፅ የመለወጡን ሥራ ካርዱ ራሱ አይሠራውም፤ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ያሸክመዋል። ያንን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ የተጻፈው ለ98 ከሆነ ኤክስፒ ላይ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ዲቫይስ ማናጀር ሲከፈት ሞደሙ በስሙ ፋንታ ቢጫ የጥያቄ ምልክት ይዞ ይገኛል። አዲሱ ድራይቨር የት ነው? ኢንተርኔት ላይ። ኢንተርኔቱስ? ድራይቨሩ ሲገኝ።

ያኔ ጎበዝ የሚባለው ቴክኒሺያን እንዲህ ያደርግ ነበር። ኬዙን ፈትቶ ካርዱን ይነቅላል፤ አቧራውን እፍ ብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብለዋል፤ ትልቁ ቺፕ ላይ የታተመውን ደቃቅ ቁጥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ይገለብጣል። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም አያታልለውም፤ የአምራቹ ስም ቢለያይም ቺፑ አንድ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ኢንተርኔት ቤት ይሄዳል። ፋይሉ ከ1.44 ሜጋ ባይት ከበለጠ አንድ ፍሎፒ አይችለውም፤ ለሁለት ይከፈላል። ሁለተኛው ፍሎፒ ካልተነበበ እንደገና ጉዞ።

ድራይቨሩ ከገባ በኋላ ያለው ሥራ የጆሮ ነው። 680 የሚል ስሕተት ከመጣ ሞደሙ የስልኩን ድምፅ አልሰማም፤ እጀታውን አንስቶ ራስ ማዳመጥ ነው። ስልኩ ዝም ካለ ኮምፒውተሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ካንሿሿ፣ በተለይ በክረምት፣ የሽቦ መጋጠሚያ ውኃ ገብቶበት ይሆናል። ጥርት ብሎ እየተሰማ ሞደሙ ብቻ አልሰማም ካለ ደግሞ «ዳያል ቶን ጠብቅ» የሚለውን ምርጫ ማጥፋት ነው። 691 ከሆነ መስመሩ ደኅና ነው፤ የተጠቃሚ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ነው የተሳሳተው፤ ዕድሳቱ የተቀመጠውን ይለፍ ቃል ሊያጠፋው ይችላልና። መኝታ ቤት ያለችው ኤክስቴንሽን ስልክም ትነቀል። ብዙ ቤት ጥፋተኛዋ እሷ ነበረች።

ተገናኘ ተብሎ እፎይ ሲባል ደግሞ ነሐሴ 1995 ደረሰ። ብላስተር የሚባለው ትል ያለ ፋየርዎል ኢንተርኔት ላይ የወጣ ኤክስፒ እየፈለገ ይገባል፤ ስክሪኑ ላይ 60 ሰከንድ ወደ ታች መቁጠር ይጀምርና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። መድኃኒቱ ከወር ግድም በፊት ወጥቷል፤ ያለው ግን ኢንተርኔት ላይ ነው። በዓመቱ የመጣው ሰርቪስ ፓክ 2 ፋየርዎሉን ከመጀመሪያው ከፍቶት መጣ፤ ሙሉው ፋይል ግን 266 ሜጋ ባይት ግድም ነበር። በ33.6 ኪሎ ቢት መስመር ይህ፣ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከ17 ሰዓት በላይ ነው። በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ባይዞር ኖሮ የስንቱ ቤት ኮምፒውተር ሳያገኘው በቀረ!

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን አላነሳውም ነበር። የቤት ተጠቃሚው ዊንዶውስ 11 ዛሬ ሲጫን መሐል ላይ ቆሞ «ኢንተርኔት አገናኝ» ይላል። የዋይፋዩን ካርድ ካላወቀው ግን የኔትወርኮቹ ዝርዝር ባዶ ነው። ላፕቶፑ አርጅቶ ዊንዶውስ 11 አልቀበልህም ያለው ሰው ወደ ሊኑክስ ቢሄድም፣ አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ድራይቨራቸውን ከኢንተርኔት አውርድ ይላሉ። ሃያ ዓመት አልፎም አዳሹ ሁሉ ደንበኛው ሌላ መስመር በእጁ እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚሠራው። ይህን ቸልታ ብዬዋለሁ፤ የአንድ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ስንት ቦታ ይፈጃል?

የእኛም ድርሻ አለበት። እዚህ ከተማ የኮምፒውተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ «ፎርማት እናድርገው»። ደንበኛው እሺ ይላል፣ ጠጋኙ ይደመስሳል፣ ከዚያ የዋይፋዩ ድራይቨር ፍለጋ ይጀመራል። ፎርማት የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ የካርዱን ስም ይጻፍ፣ ድራይቨሩንም ፍላሽ ላይ ያኑር። ይህን ሳያደርግ ከደመሰሰ፣ የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተሰክቶ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማካፈያ) ሲከፈት ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል። ገመዱ ግን ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን፤ መንገድ ዳር በርካሽ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ቻርጅ ብቻ ናቸው።