ቀለሙ እንዳይላጥ፣ ልጁም እንዳይጎዳ

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለልጆች ከሚልከው ስጦታ መካከል አንዳንዴ የሚገጣጠም የአውሮፕላን፣ የባቡር ወይም የመርከብ ሞዴል ይገኝበታል። ዋናው አካሉ ፕላስቲክ ቢሆንም እንደ ማረፊያ እግር፣ መሰላልና መልሕቅ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች የብረት ሊሆኑ ይችላሉ። አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊሠሩት የሚችሉት ደስ የሚል ሥራ ነው። ነገር ግን ፕላስቲኩ ላይ አምሮ የተቀመጠው ቀለም ብረቱ ላይ ሲሆን ጥፍር ሲነካው ይላጣል።

ምክንያቱ ብረቱ ልሙጥ መሆኑ ነው፤ ቀለም የሚይዝበት ነገር የለውም። የጣት ወዝና ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከቀለሙ በፊት ነው።

በመጀመሪያ የብረቱን ዓይነት ለዩ። ቢጫና እንደ ወረቀት ስስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው። ግራጫ፣ ለስላሳና ለመጠኑ ከባድ ከሆነ ግን «ነጭ ብረት» የሚባለው ቅይጥ ሊሆን ይችላል። በቆዩ ሞዴሎች ውስጥ ይህ ቅይጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ የመጻፊያውን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለታችን ነው። ካርቶኑ ላይ እርሳስ እንደሌለው ካልተጻፈ፣ እንዳለው ቁጠሩት።

ለምን እንጠነቀቃለን? እርሳስ በማደግ ላይ ያለን የልጅ አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ብናኙ ከጣት ወደ አፍ ይገባል። ስለዚህ ግራጫውን ብረት መሞረድ የአዋቂ ሥራ ይሁን፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቡ አይሁኑ። ትርፍ ጠርዙን ውኃ በነካው የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ እርጥበቱ ብናኙን ይይዘዋል። ብናኙን እፍ አትበሉት፣ በደረቁም አትጥረጉት። በእርጥብ ወረቀት አብሳችሁ ወረቀቱን ጣሉት። ሥራው ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራ፤ ማጠቢያውም የምግብ ሳህን አይሁን። እጅ በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ መንካት አይገባም።

ቀጥሎ እጥበት ነው። ክፍሎቹን ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹና በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። ናሱ ከጠቆረ ለጥቂት ደቂቃ አቼቶ ውስጥ ይቆይና ይታጠብ። ግራጫውን ብረት ግን አቼቶ ውስጥ አታስገቡት። አቼቶ እርሳስን ይበላል፤ የሚወጣውም ውህድ መርዝ ነው። አሮጌ ሞዴል ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁም ይኸው ዓይነት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ልጅ አያስነኩት።

ከታጠበ በኋላ ብረቱን በጣት አትንኩ፤ በወረንጦ ያዙት። በደንብ ሲደርቅ ስቴኪኒ ጫፍ ላይ በፕላስተር አጣብቁትና ለብረት የሚሆን ፕራይመር ቀቡት። ፕራይመሩ የሚረጭ ከሆነ ከቤት ውጭ ይሁን። አንድ ወፍራም ቅብ ከሚሆን ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ጥቃቅኑን ቅርጽ ይደፍነዋል። ከዚያ እስከ ማግስቱ ተዉት። ለልጅ ከባዱ ይህ መጠበቅ ነው፤ ሥራው የሚያስተምረውም እሱኑ ነው።

ልጁ ምን ይሥራ? ናሱን ይጠብ፣ ክፍሎቹን ይቁጠር፣ የቀለሙን ዓይነት ይምረጥ፣ በማግስቱም ዋናውን ቀለም ራሱ ይቀባ። የሚያስደስተው ክፍል ለእሱ ቀረለት ማለት ነው።

ሞዴሉ ሲያልቅ ቦታው መደርደሪያ ላይ ነው። ፕራይመሩና ቀለሙ ብረቱን ቢሸፍኑትም ሲፋቅ ተመልሶ ይገለጣል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ወደ አፉ የሚያስገባ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ መደርደሪያው ከፍ ያለ ይሁን።