ተጠቃሚ የሌለው ኮድ ይውጣ

ዕቃ መጣል አልወድም። አልጋዬ ሥር ያለው የፍሎፒ ዲስክ ካርቶን ምስክሬ ነው። ስለ ሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ስለ ስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ሲነሳ ግን ጨካኝ ነኝ፤ ተጠቃሚ የሌለው ኮድ ይውጣ ባይ።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን የጀመረው 386 ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። የዚያው ፕሮሰሰር ድጋፍ በ2012 መጨረሻ ሲነቀል እሱ ራሱ አላዘነም። በ2018 ስምንት የፕሮሰሰር ዓይነቶች ተሰናብተው ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የኮድ መስመር ሄደ።

ይውጣ የምለው ቦታ ያዘ ብዬ አይደለም፤ ቦታማ ርካሽ ነው። ከርነሉ ውስጥ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር አሮጌውንም ኮድ አብሮ ማስተካከል ግድ ይላል፤ የሚሞከርበት ማሽን ግን የለም። ያልተሞከረ ኮድ ደግሞ ለሌባ የተተወ በር ነው። በ2015 ይፋ የሆነው ‹ቬኖም› የተባለ ቀዳዳ፣ ከርነል ውስጥ ባይሆንም፣ ኪውኢሙ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም የፍሎፒ ኮድ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ተደብቆ ነበር። ፍሎፒ! የእኔዎቹስ ካርቶናቸው ውስጥ ሆነው ማንንም አይጎዱም።

«አንድ ሰው ቢፈልገውስ?» ይሉኛል። የተነቀለው ኮድ የኮዱን ለውጦች በሚመዘግበው በጊት ታሪክ ውስጥ አለ። አሮጌ ማሽን ያላችሁ የድሮውን ስሪት ጫኑ፤ ኢንተርኔቱን ግን ንቀሉት።