ድምፅ ከመስጠት አስቀድሞ ጥያቄውን መመርመር

አስተዋይ ነጋዴ ውል ሲፈርም በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም ይጠይቃል። ማጓጓዣው በማን ላይ ነው? ዕቃው በመንገድ ቢበላሽ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? ክፍያውስ በምን ገንዘብ ይፈጸማል? ይህን ሳያጣራ የሚፈርም ሰው በገበያ ላይ ብዙ እንደማይቈይ የታወቀ ነው። ይኸው ጥንቃቄ ለሕዝበ ውሳኔም እጅግ የሚያስፈልግ መሆኑን በዚህ አምድ ለማሳሰብ እንወዳለን።

ሕዝበ ውሳኔ ከጠቅላላ ምርጫ የተለየ ነው። በጠቅላላ ምርጫ መራጩ እንደራሴ ይመርጣል፤ እንደራሴው ባያስደስተው በአምስት ዓመቱ ሊለውጠው ይችላል። በሕዝበ ውሳኔ ግን ጉዳዩን የሚቈርጠው መራጩ ራሱ ነው፤ የተቈረጠውንም መልሶ መቀጠል ቀላል አይደለም።

ለዚህ ዋና ምስክር የሚሆነን በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. በኤርትራ የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ነው። የቀረበው ጥያቄ ኤርትራ ነጻና ሉዓላዊት አገር ትሁን ወይስ አትሁን የሚል ነበር፤ ከመራጮቹም 99.8 በመቶ ያህሉ ትሁን አሉ። ይህን የምናነሣው ውሳኔውን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው ስለ ወደብ፣ ስለ መገበያያ ገንዘብና ስለ ድንበር ምንም የሚለው አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራስዋን ገንዘብ ስታወጣ የሁለቱ አገሮች ንግድ ተናወጠ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጦርነት ተነሣ፤ የአሰብም በር ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በደብረ ታቦር ሱቆች የሚሸጠው የውጭ ሸቀጥ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል የሚመጣ ሆኗል። አጭር ጥያቄ ረጅም ጣጣ እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በቅርቡ ዘመንም ሕዝበ ውሳኔ በአገራችን ተደጋግሟል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ በተደረገው፣ ራሱን የቻለ ክልል መሆንን የሚደግፍ ሻፌታን፣ በነበረበት መቆየትን የሚሻ ጎጆን እንዲመርጥ ተደርጎ 98.5 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ለሻፌታ ተሰጠ። እንዲህ ያለው ምልክት ማንበብ ለማይችለው ወገናችን መልካም ረዳት ነው፤ ሆኖም ምልክት ማስታወሻ ነው እንጂ ማብራሪያ አይደለም። ሻፌታም ሆነ ጎጆ ስለ ግብርና ስለ ንግድ ፈቃድ አይናገርም።

የክልል ጉዳይ ግን በቀጥታ የነጋዴው ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ በሚነግዱ ግለሰቦች ላይ የንግድ ትርፍ ግብርና የሽያጭ ታክስ የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሉ ነው። እንግዲህ ክልል ሲለወጥ ግብር ጣዩና ሰብሳቢው ይለወጣል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱም ስፍራ ይለውጣል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተሰጠው ድምፅ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተቋቋመ ጊዜ መቀመጫው ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ ተከፋፈለ። ይህ ለአንዱ ከተማ ገበያ ሲያመጣ ለሌላው ባለጉዳይ መንገድ የሚያስረዝም ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በጎንደር አካባቢ በ8 ቀበሌዎች ስለ ቅማንት አስተዳደር ድምፅ መሰጠቱን ያስታውስ። ውጤቱ ቢገለጽም ክርክሩ አልተዘጋም። ከዚህም በላይ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ተገቢውን ድጋፍ ሲያገኝ ለሕዝብ ለውይይትና ለውሳኔ እንዲቀርብ አንቀጽ 104 ያዝዛል። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ የደቡብ ጎንደር ሰው ሁሉ ይጠየቃል።

በርግጥ ጽሑፍ ማደል ብቻውን አይበቃም። በ1978 ዓ.ም. የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በ1 ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በ25,000 ያህል ስፍራዎች ውይይት ተደርጎበት ነበር፤ ሕዝቡም ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ጋብቻ ጠየቀ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተሰጠው ድምፅ 81 በመቶው እንደ ደገፈው ተነገረ። ነገር ግን በአንዳንድ ስፍራ ሰው ወደ ስብሰባው የሄደው በካድሬ ግፊት ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም በሥራ ላይ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር ወደቀ። ሰው በነጻነት ካልጠየቀ፣ ካልተቃወመም፣ ማንበቡ ብቻ ዕውቀት አይሆነውም።

በሌላው ዓለም የተሻለ ልማድ አለ። በስዊዘርላንድ ለእያንዳንዱ መራጭ የጉዳዩ ማብራሪያ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ይላካል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛትም የደጋፊውና የተቃዋሚው ክርክር ጉዳዩ በመንግሥት ገንዘብ ላይ ከሚያመጣው ውጤት ጋር በአንድ መጽሐፍ ታትሞ ለመራጩ ይደርሳል። የእኛም የምርጫ ቦርድ ይህን የመሰለ ጽሑፍ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ቢያዘጋጅ፣ ማንበብ ለማይችለውም በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ቢያሰማ፣ ወጪው ከጥቅሙ ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

ነጋዴ ከፖለቲካ ይራቅ የሚሉ ወዳጆች አሉን። እኛም ለማንም ይህን ደግፍ፣ ያንን ንቀፍ አንልም። ነገር ግን የንግድ ምክር ቤት አባላቱን ሰብስቦ የቀረበውን ጥያቄ ቃል በቃል ማስነበብ፣ ከሁለቱም ወገን የሚያስረዳ ሰው መጋበዝ ይገባዋል። አባሉም ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የተጠየቅሁት በትክክል ምንድን ነው? እሺም ሆነ እምቢ ብል በማግስቱ ምን ይለወጣል? ጥያቄው ሳይናገር ያለፈውንስ ማን፣ መቼ፣ በማን ገንዘብ ይወስነዋል? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ያላገኘ ሰው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ደጋግሞ የመጠየቅ መብት አለው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ለዚህም የሚሆን ምክር ትተውልናል።