ጠይቁ፣ ቀኑ ሳያልፍ

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መሀል መንገድ ላይ ከሚቀሩ ልጆቻችን መካከል ትምህርቱ ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ጥቂቶቹ ይመስሉኛል። የብዙዎቹ ችግር ዝምታ ነው። ያሳደግናቸው መምህር ሲናገር አንገት ደፍቶ ማዳመጥን፣ የቤትን ገመና ለባዳ አለመንገርን፣ ሰው አለማስቸገርን እያስተማርን ነው። ጨዋነት ነውና ደግ አደረግን። የገቡበት ቤት ግን ሌላ ሥርዓት አለው። እዚያ እርዳታው የተዘጋጀው ለጠየቀ ሰው ነው፤ መጠየቂያውም ቀን ተቆርጦለታል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ልመናም ምልጃም ብዙ አይሠራም።

ተማሪዎች ሆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ሲለበስ የሚባለውን ወረቀት ይሰጣችኋል። ብዙው ተማሪ የመጽሐፉን ስም አይቶ ይዘጋዋል። እዚያ ውስጥ ግን የሚድተርሙ ቀን፣ ፋይናሉ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ፣ ዘግይቶ የገባ የቤት ሥራ ስንት ነጥብ እንደሚቀነስበት፣ መምህሩ ቢሮው የሚገኝበት ሰዓት ሁሉ ተጽፏል። የአራት አምስቱን ኮርስ ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ቀኖቹን ስልክ ላይ መመዝገብ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ያን ያደረገ ተማሪ በኦክቶበር ሦስት ፈተና በአንድ ሳምንት እንደሚደራረብበት በኦገስት ያውቃል፤ የሥራ ሺፍቱንም ቀድሞ ያስቀይራል።

ኦፊስ አወር የሚባለውን ልጆቻችን ይፈሩታል። ያጠፋ ተማሪ የሚጠራበት ቢሮ ይመስላቸዋል። መምህሩ በዚያ ሰዓት ቢሮው የሚቀመጠው ግን ተማሪ መጥቶ እንዲጠይቀው ነው። «ገብቼ ምን እላለሁ?» ለምትሉ፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ያቃታችሁን ጥያቄ እስከሞከራችሁበት ድረስ ይዛችሁ ግቡና «እስከዚህ መስመር ድረስ ገብቶኛል፤ ከዚህ በኋላ የት ላይ እንደሳትኩ አላወቅሁም» በሉ። ይህን የሚል ተማሪ ሰነፍ አይባልም። ለሜዲካል ስኩልም ሆነ ለስኮላርሺፕ የድጋፍ ደብዳቤ የምትለምኑት ነገ ይህንኑ መምህር ነው፤ ሁለት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ፊታችሁን ካላወቀው ስለ እናንተ ምን ብሎ ይጻፍ? ቱተሪንጉና የጽሑፍ ማዕከሉም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

ስለ ኮርስ ማቋረጥ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ኬሚስትሪ ያቃታትን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እናስብ። ሚድተርሙን ከመቶ 41 አገኘች። ከዚያ ወዲህ ክፍል መግባት ያሳፍራት ጀመር፤ ለጓደኛም ለቤተሰብም አልተነፈሰችም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ኮርሱን አቋርጦ ትራንስክሪፕቱ ላይ ኤፍ ሳይሆን ደብልዩ እንዲጻፍለት የሚፈቅዱበት የመጨረሻ ቀን አላቸው። ደብልዩ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ኤፍ ግን ዜሮ ሆኖ ይገባና የሌሎቹንም ኮርሶች ውጤት ይዞ ይወርዳል። ልጅቱ ያ ቀን ሳታውቀው ካለፈባት አንድ ቅጽ ሞልታ ልታመልጠው የምትችለውን ኤፍ ተሸክማ ትቀራለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ቅጹን ከመሙላት በፊት ግን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮን መጠየቅ የግድ ነው። ደብልዩ ጂፒኤን ባይነካም ክሬዲቱ ተሞክሮ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል። የፌዴራሉ እርዳታ እንዳይቋረጥ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች 2.0 ጂፒኤና ከተሞከረው ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን ማጠናቀቅ ይጠይቃሉ። ሁሉንም ኮርስ ትቶ የወጣ ተማሪ ደግሞ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ከወጣ ከተሰጠው እርዳታ ከፊሉ ይመለሳል፤ የቀረው ሒሳብ በእሱ ላይ ዕዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በኤፍ-1 ቪዛ የመጣችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። በዲግሪ ደረጃ ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ የሚቻለው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ጥሎ መጥቶ «ይቅርታ» ማለት ቪዛን አያድንም።

እርዳታው ቢቆረጥ እንኳ ይግባኝ የሚባል መንገድ አለ። ሕመምና የቤተሰብ ሞት ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። ነገሩ እዚያ ሳይደርስም መናገር ይቻላል፤ አገር ቤት አያቷ አርፈው፣ ዶርሟ ውስጥ ተሸፍና ስታለቅስ የሰነበተች ልጅ ነገሩን በዚያው ሳምንት ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ብትጽፍ ፈተና ሊራዘምላት ይችል ነበር። እኛ ግን ለቅሶን ሰበብ ማድረግ ነውር ይመስለናል። ነውር የለበትም፤ ቢሮው የተከፈተው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ በየዓመቱ የሚሞላ ነው። አንዴ ሞልተው የሚረሱት አሉ። ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው ፔል ግራንት 7,395 ዶላር ነው። ይህ የፌዴራል ገንዘብ እንደ ብድር አይመለስም፤ በዕድሜ ልክ ግን ከ12 ሴሚስተር በላይ አይሰጥም። ከ24 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ተማሪ በአብዛኛው የወላጅ መረጃ ያስፈልገዋል፤ ወላጅም በራሱ አካውንት ገብቶ ፈቃዱን መስጠት አለበት። አባት ገቢዬ ይታይብኛል ብሎ ሲያቅማማ ልጁ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያጣል። ልጁ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ከሆነ የወላጅ የመኖሪያ ወረቀት ሁኔታ መብቱን አይነካበትም። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ተማሪ ግን ፔል አያገኝም፤ እሱ የዩኒቨርሲቲውንና የግል ስኮላርሺፖችን መፈለግ አለበት።

ባችለር ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። 12 ክሬዲት የወሰደ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል፤ በየሴሚስተሩ 12 እየወሰደ በስምንት ሴሚስተር የሚደርሰው ግን 96 ላይ ነው። በአራት ዓመት ለመጨረስ 15 ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ የሚያበላሸው ሥራ ነው። ሌሊት ፓርኪንግ ወይም ነርሲንግ ሆም ሠርቶ ጠዋት ካልኩለስ ክፍል የሚገባ፣ ከዚያችው ደመወዝ አገር ቤት የሚልክ ልጅ በየማኅበረሰባችን አለ። ልቡ የተባረከ ነው። ቢሆንም ለአገር ቤቱ ዘመድ የሚበጀው ከሦስት ዓመት በኋላ ተመርቆ የሚልከው ገንዘብ ነውና የመላኩን ሸክም ለጊዜው ታላላቆች ይቀበሉት። መሥራት ግድ ከሆነም ግቢው ውስጥ ያለውን ወርክ ስተዲ አስቀድሙ። የኤፍ-1 ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢው ውስጥ የሚሠራው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመርን አታሳንሱት። ዋሽንግተን አካባቢ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ ብዙ ልጆቻችን የሚጀምሩባቸው ናቸው። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ለኮርሱ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ ይቀበለው እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ወላጆች፣ ከ1974 ጀምሮ የጸና ፈርፓ የሚባል ሕግ አለ። ልጅ ኮሌጅ ከገባ የውጤቱ መብት የራሱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ ትምህርት ቤቱ ውጤቱን ለእናንተ የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ መንገዱ ከልጁ ጋር መነጋገር ነው። «ትምህርት እንዴት ነው?» ብትሉት «ደህና ነው» ይላችኋል። «ኮርስ ማቋረጫው ቀን መቼ ነው? በዚህ ሳምንት የትኛውን መምህር ቢሮው ሄደህ አነጋገርክ?» በሉት። ሲያቅተው መናገር የሚችለው ቁጣ እንደማይጠብቀው ሲያውቅ ነው። ነርሲንግ ወይም ሕክምና ካልሆነ ብላችሁም አታስጨንቁት፤ ያልወደደውን ትምህርት ከአድቫይዘሩም ከእናንተም ደብቆ ሲታገል ሁለት ዓመት ሊያልፍበት ይችላል።

አንድ ልመና አለኝ። ፋፍሳ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። በዚያ ወር አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የኮሚዩኒቲ ማዕከላት አዳራሻቸውን ለአንድ ቅዳሜ ይክፈቱ። ተመርቃችሁ ሥራ የያዛችሁ ወጣቶች ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቅጹን አብራችኋቸው ሙሉ፣ ሲለበሱን አብራችኋቸው አንብቡ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ስጧቸው። እናንተ ይህን መንገድ አልፋችሁበታልና ከእናንተ የተሻለ የሚያስረዳቸው የለም።