ሴቭ ማድረግ ማታለል ነውን?

በዚህ ወር አምዳችን ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ ሊነሣ የሚችል አንድ ክርክር እንመለከታለን። የቆዩ የእንቆቅልሽ ቪዲዮ ጌሞች በአዲስ መልክ ሲወጡ፣ ጨዋታውን በፈለጉበት ቦታ አቁሞ የማስቀመጥ ማለትም «ሴቭ» የማድረግ ዕድል ተጨምሮላቸዋል። ታላቅየው «ይህማ ማታለል ነው» ሲል፣ ታናሽየው «ጌሙ ራሱ የፈቀደውን ባደርግ ምን አጠፋሁ?» ይላል። ለመሆኑ ፍርዱ ለማን ነው?

ከመፍረድ በፊት ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባል። ቀድሞ የነበሩት የጌም ካሴቶች የሚነበቡ እንጂ የሚጻፍባቸው አልነበሩም። የተጫዋቹን ውጤት ይዞ ለማቆየት በካሴቱ ውስጥ ተጨማሪ ዕቃና ባትሪ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የወጣው የዜልዳ ካሴት ይህን ባትሪ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋ ስለሚጨምር ብዙዎቹ ካሴቶች አልነበራቸውም። በ1989 ለኔንቴንዶ የወጣው ቴትሪስ እንኳ ማሽኑ ሲጠፋ ከፍተኛው ውጤት አብሮ ይጠፋ ነበር።

ታዲያ የጌም ሠሪዎቹ ምን ዘዴ ፈጠሩ? አንዱን ደረጃ ለጨረሰ ሰው የምስጢር ቃል ይሰጡት ነበር። ተጫዋቹ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥና በማግሥቱ ካቆመበት ደረጃ ይቀጥላል። በ1991 በስኮትላንድ የተሠራው ሌሚንግስ እንዲህ ያደርግ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ በደረጃና በደረጃ መካከል ማረፍን ሠሪዎቹ ራሳቸው የፈቀዱት መሆኑን ነው። እንግዲህ «የዱሮዎቹ ያለ ሴቭ ነበር የጨረሱት» የሚለው ክርክር ሙሉ እውነት አይደለም።

ዛሬ የተጨመረው ግን ከዚያ ያልፋል። በ2016 ኔንቴንዶ ያወጣው ትንሹ ማሽን ለእያንዳንዱ ጌም አራት የማስቀመጫ ቦታ ሰጠ። በ2019 ደግሞ ስዊች በተባለው ማሽን ላይ በሚቀርቡት የቆዩ ጌሞች ጨዋታውን ወደ ኋላ ማጠንጠን ተቻለ። ይህ በደረጃው መካከል፣ ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላም ቢሆን፣ ወደ ኋላ የሚመልስ ነው።

እዚህ ላይ ጌሞቹን መለየት ያሻል። በ1982 በጃፓን ለገበያ የቀረበውን ሶኮባን እንውሰድ። ተጫዋቹ በመጋዘን ውስጥ ሣጥኖችን እየገፋ በየቦታቸው ያደርሳል፤ መግፋት እንጂ መሳብ አይችልም። ሣጥኑ ጥግ ከገባ አበቃለት። በዚህ ጌም ዕድል የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር በገሃድ ይታያል። ሴቭ ያደረገ ልጅ የሚተርፈው ያወቀውን መንገድ ደግሞ ደጋግሞ የመሄድ ድካም ነው እንጂ መፍትሔውን ማንም አይሰጠውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት እዚህ ሴቭ ማድረግ ማንንም አይበድልም።

ቴትሪስ ግን ሌላ ነው። ቅርጾቹ በዕጣ ይመጣሉ፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። የማይመቸው ቅርጽ በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው የጨዋታውን ፈተና ከሥሩ ነቅሎታል። በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የኔንቴንዶውን ቴትሪስ እስከ 157ኛው ደረጃ ተጫውቶ ጌሙ ራሱ እንዲቆም አደረገ። ዓለም የተደነቀው በአንድ መቀመጫ፣ ያለ መመለስ ስለሠራው ነው። ያንኑ ደረጃ እየመለሰ የደረሰ ሰው «እኔም እንደሱ ነኝ» ቢል የሌላውን ድካም ለራሱ መውሰዱ ነው።

ይህን ነገር ገበጣ የሚጫወት ሁሉ ያውቀዋል። ጨዋታው ሳያልቅ ቢመሽ ጠጠሮቹን እንዳሉ ትቶ በማግሥቱ መቀጠል ነውር የለበትም። መሸነፉን አይቶ የዘራውን ጠጠር መልሶ መልቀም ግን ያጣላል። ባልንጀራው «መልስ፣ እንደገና ሞክር» ካለው ደግሞ ትምህርት ይሆናል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱን የለወጠው ስምምነቱ ነው።

ከዚህም በላይ ሴቭ ለቤተሰብ ያለውን ጥቅም መዘንጋት አይገባም። አዛን ሲሰማ «ቆዩ፣ ካቆምኩ ሁሉም ይጠፋብኛል» የሚል ልጅ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን ያ ምክንያት የለም። ለሶላት መነሣት፣ እናቱ ስትጠራው መሄድ፣ ለትምህርት ቤት በጊዜ መተኛት ይችላል። እንዲያውም ወላጅ «አስቀምጥና ተነሣ» ለማለት መብት ያገኘው በሴቭ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ሴቭን በጅምላ አትከልክሉ። ይልቁንስ ሦስት ነገር አስለምዱ። ለማቋረጥ ሴቭ ማድረግ ሁልጊዜ የተፈቀደ ይሁን። ለመማር ወደ ኋላ መመለስም ይፈቀድ። ወንድምና እህት በውጤት ሲወዳደሩ ግን ደንቡን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይስማሙበት፤ እየመለሰ የጨረሰም «እየመለስኩ ነው የጨረስኩት» ብሎ ይናገር። ማታለል የሚመጣው ልጁ እንዴት እንደጨረሰ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ነው፤ እውነቱን ከተናገረ ሴቩ ማንንም አልጎዳም።